ስድስቱ ክሮች በኮምፒውተር ገጽ ላይ

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ የአኩስቲክ ጊታር ዜማ ለ15 ሴኮንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ከአቅራቢው ድምፅ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ በአዳማና በዙሪያዋ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ፣ በመቂና በባቱ፣ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ ሆናችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ይህ ሳምንታዊ ትምህርታዊ ዝግጅታችን ነው።

የዛሬው ርዕሳችን በቤታቸው አንድ ኮምፒውተርና አንድ አነስተኛ ኪቦርድ ይዘው ዘፈን ወይም መዝሙር ለሚያቀናብሩ ወጣቶች በጣም ይጠቅማል። ጊታር በእጃችሁ ባይኖርም የጊታር ድምፅ በሥራችሁ ውስጥ ማስገባት ትፈልጋላችሁ። ለዚህም ቨርቹዋል ጊታር የሚባል ሶፍትዌር አለ። ከፍታችሁት ይሆናል። ግን ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ?

ዛሬ ያንን ገጽ አብረን እናነባለን። እስክሪብቶና ወረቀት ያላችሁ አቅርቡ። የሌላችሁም አትጨነቁ፤ ዋና ዋናውን እየደጋገምን እንሄዳለን።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፣ 5 ሴኮንድ)

አቅራቢ፦ መጀመሪያ ጆሯችሁን አውሱኝ። ሁለት አጫጭር ድምፆች አሰማችኋለሁ። ዜማው አንድ ነው፤ ሶፍትዌሩም አንድ ነው።

(ድምፅ አንድ፦ ሁሉም ኖታ በእኩል ኃይል፣ ኮርዶቹ በአንድ ቅጽበት ተነክተው)

(ድምፅ ሁለት፦ ያው ዜማ፣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ፣ ኮርዶቹ ከላይ ወደ ታች ተመትተው፣ በመሐል አንዳንዱ ታፍኖ)

አቅራቢ፦ የትኛው ነው ጊታር የመሰላችሁ? ሁለተኛው፣ አይደል? ታዲያ ድምፁ ከአንድ ሶፍትዌር የወጣ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከእጅ ነው። በሁለተኛው ላይ ያቀናበረው ሰው የጊታር ተጫዋች እጅ ምን እንደሚያደርግ እያሰበ ነው የሠራው። የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መጀመሪያ የጊታር ተጫዋቹን እጅ አስቡ፤ ከዚያ ቁልፉን ንኩ። ደግሜ ልበለው፦ መጀመሪያ እጁን አስቡ፤ ከዚያ ቁልፉን ንኩ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ለመሆኑ ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከየት ገባ? አንድ ሙያተኛ ጊታሪስት ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ የእያንዳንዱን ክር እያንዳንዱን ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ፣ ለየብቻው ይመታል። በቀስታ ይመታል፤ በኃይል ይመታል፤ በመዳፉ አፍኖ ይመታል። ሁሉም ይቀረጻል። እናንተ ኪቦርዱን ስትነኩ ሶፍትዌሩ ከዚያ ክምችት ውስጥ የሚስማማውን መርጦ ያሰማችኋል። ስለዚህ የምትሰሙት የእውነተኛ ሰው እጅ ያወጣው ድምፅ ነው።

ሁለት ዓይነት ቨርቹዋል ጊታር አለ። አንደኛው ኖታ በኖታ የምትጫወቱት ነው። የአምፕል ሳውንድ ኩባንያ አምፕል ጊታር ከዚህ ይመደባል፤ ከማርቲን ጊታር የተቀረጸው አምፕል ጊታር ኤም ላይት የሚባል በነጻ የሚወርድ ቅጂም አለው። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ተዘጋጅቶ የተቀረጸ የአመታት ስልት ይዞ የሚመጣ ነው፤ የኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ሴሽን ጊታሪስት ለዚህ ምሳሌ ነው። እናንተ ኮርዱን ትይዛላችሁ፤ እሱ ይመታል። ሁለቱም እንደ ኩቤዝና ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ባሉ ማቀናበሪያዎች ውስጥ ይከፈታሉ፤ እንዲህ በማቀናበሪያ ውስጥ የሚከፈት ሶፍትዌር ፕለጊን ይባላል።

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ አንድ ሰው ብቻውን በማሽን ታግዞ ባንድ መሆን ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አዲስ ነገር ነው? አይደለም። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በወጣው አልበሙ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን ቀርጿል፤ የሠራውም አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ከተማ ሆኖ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አድማስ የተባለው ባንድ እዚያው ዋሽንግተን ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ አልበም አውጥቶ ነበር። እኛም አገር ኦርጋን በየሠርጉና በየካሴቱ የባንዱን ቦታ ሲይዝ የጊታርም ድምፅ በኦርጋን ቁልፍ ይጠራ ነበር።

ግን ልብ በሉ። ለጊታር የለመደው ጆሯችን የተሠራው በእውነተኛ ተጫዋቾች ነው። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ሥራዎች ውስጥ የሰላም ሥዩምን ጊታር አድምጡ። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ፣ ዘመኑን ሙሉ በአፋን ኦሮሞ ያዜመውን፣ ጊታርና ኡድም ይጫወት የነበረውን አሊ ቢራን አድምጡ። አሊ ቢራ ያረፈው ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ነው። እነዚህ ሥራዎች ከማንኛውም የሶፍትዌር መመሪያ በፊት የሚመጡ መማሪያዎቻችን ናቸው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፣ 8 ሴኮንድ)

አቅራቢ፦ አሁን ገጹን እንክፈት። መጀመሪያ ዓይናችሁን የሚስበው ምንድን ነው? የጊታሩ አንገት ሥዕል። ስድስት ክሮች፣ በላያቸው ላይ የፍሬት መስመሮች። ኪቦርዱን ስትነኩ አንገቱ ላይ አንድ ነጥብ ይበራል። ብዙዎች ይህን ሥዕል እንደ ማስዋቢያ ያልፉታል። እኔ ግን የምመክራችሁ ሌላ ነው፦ ይህ ሥዕል አስተማሪያችሁ ነው፤ አትለፉት።

ለምን? ክሮቹ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። በአንድ ክር ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጊታር ከስድስት ድምፅ በላይ በአንድ ጊዜ ሊያወጣ አይችልም። በኪቦርድ ግን አሥር ጣት አለን፤ ሳናውቀው ማንም ጊታሪስት ሊይዘው የማይችል ኮርድ እንነካለን። አንገቱ ላይ ነጥቦቹ ተራርቀው፣ አንዱ በሁለተኛው ፍሬት ሌላው በአሥረኛው ሲበራ ካያችሁ፣ ያንን የሚደርስ እጅ የለም ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ አብረን እንይ። ሲ ሜጀር ኮርድ ኪቦርድ ላይ ስንነካ ሲ፣ ኢ፣ ጂ ብለን ሦስት ተቀራራቢ ቁልፎች እንይዛለን። ጊታሪስቱስ? አምስተኛው ክር ላይ ሲ፣ አራተኛው ላይ ኢ፣ ሦስተኛው ባዶውን ጂ፣ ሁለተኛው ላይ እንደገና ሲ፣ አንደኛው ባዶውን ኢ። አምስት ድምፅ ሆነ። ስሙት።

(ድምፅ፦ መጀመሪያ ሦስቱ ተቀራራቢ ድምፆች፤ ቀጥሎ አምስቱ የጊታር ድምፆች)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ ስፋቱን? በብዙዎቹ ፕለጊኖች ገጽ ላይ የኮርድ ክፍል አለ፤ ኮርዱን በስሙ ስትመርጡ በጊታሪስት አያያዝ ይዘረጋላችኋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ነጥቦቹን እያያችሁ ብትሠሩ ጊታር ሳትይዙ የጊታርን አንገት ታውቁታላችሁ።

(አጭር የሙዚቃ ምልክት)

አቅራቢ፦ ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ከባቱ አንድ አድማጫችን እንዲህ ሲል ጠይቆናል፦ «የኪቦርዴ የግራ ቁልፎች ጊታሩን ስከፍት ድምፅ አይሰጡም። ተበላሽተው ነው?»

ወንድማችን፣ አልተበላሹም። የጊታር የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ ባዶው የኢ ክር ነው። ከዚያ በታች ጊታር ድምፅ የለውም። ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ያንን ባዶ ቦታ ለሌላ ሥራ አዋሉት፤ የአጨዋወት መቀየሪያ ቁልፎች አደረጉት። ገጹ ላይ ያለውን የኪቦርድ ሥዕል ብታዩ እነዚህ ቁልፎች በተለየ ቀለም ተቀልመው ታገኟቸዋላችሁ።

ምን ይቀይራሉ? አንዱን ስትነኩ ጊታሩ ክሩን ለቆ ያስተጋባል፤ ይህ ሰስቴይን ነው። ሌላውን ስትነኩ በመዳፍ እንደታፈነ አጭርና ደረቅ ይሆናል፤ ይህ ፓልም ሚዩት ነው። ሌላው ከፍሬት ወደ ፍሬት ያንሸራትታል፤ ስላይድ ይባላል። ሌላው ደግሞ ቀኝ እጅ ሳይመታ የግራው ጣት ብቻ ክሩ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ድምፅ ይሰጣል፤ ሃመር ኦን ነው።

መቀየሪያው መቼ ይነካል? ከኖታው በፊት። ሾፌር ዳገቱ መሐል ሳይደርስ ማርሽ እንደሚቀይር ሁሉ፣ እናንተም ኖታው ከመድረሱ በፊት መቀየሪያውን ንኩ። ከኖታው ጋር እኩል ወይም ዘግይታችሁ ከነካችሁት፣ ያ ኖታ በድሮው አጨዋወት ያመልጣችኋል። ቀድማችሁ ንኩ፤ ቀድማችሁ ንኩ።

ኪቦርዳችሁ 25 ቁልፍ ብቻ ያለው ትንሽ ከሆነስ? የኦክታቭ ቁልፉን ወደ ታች እየተጫናችሁ እዚያ ትደርሳላችሁ። ወይም ኖታውን መጀመሪያ ተጫውታችሁ ቅረጹ፤ መቀየሪያዎቹን በኋላ በማውስ አስገቡ። ውጤቱ አንድ ነው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፣ 5 ሴኮንድ)

አቅራቢ፦ ሦስተኛው ነገር የአመታት ኃይል ነው። ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚግባቡበት ሚዲ የሚባለው ቋንቋ ከ1983 ጀምሮ፣ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ የእያንዳንዱን ኖታ ኃይል ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር ይመዘግባል። ፕለጊኑም ቁጥሩን አይቶ ለስላሳውን ወይም ጠንካራውን ቀረጻ ይመርጣል። በአንዳንዶቹ ላይ እጅግ ከፍ ያለው ቁጥር ራሱ አጨዋወት ይቀይራል፤ በ127 ስትመቱ ስላይድ የሚያመጡ አሉ።

ኖታውን በማውስ አንድ በአንድ የምታስቀምጡ ከሆነ ሁሉም በእኩል ቁጥር ይቀመጣል። የመጀመሪያው ድምፃችን ደረቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነበር። የዓረፍተ ነገሩን ዋና ቃል ጠበቅ አድርገን ሌላውን ላላ እንደምናደርግ፣ የዜማውንም ዋና ኖታ ከፍ አድርጉ፤ መሸጋገሪያውን ዝቅ አድርጉ። ዜማውን በአፋችሁ አንጎራጉሩት፤ ድምፃችሁ የጠነከረበት ቦታ ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ።

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ አራተኛው የኮርድ አመታት ነው። ጊታሪስት ኮርድ ሲመታ ስድስቱ ክሮች በአንድ ቅጽበት ይሰማሉ? አይሰሙም። ክሩን የሚመታው ፒክ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራሙ ይቀድማል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ቀጭኑ ይቀድማል። በመሐላቸው እጅግ ጥቂት ሚሊሴኮንድ አለ። በገጹ ላይ ስትረም በሚለው ክፍል የታችና የላይ ምት ለየብቻ ቁልፍ አላቸው፤ የምቱም ፍጥነት የሚስተካከልበት አለ። ለዝግታ ዘፈን ክፍተቱን ሰፋ፣ ለፈጣን ዘፈን ጠበብ አድርጉት።

ለሻሸመኔ ልጆች አንድ ልምምድ አለኝ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት የራስታ ቤተሰቦች ባሉበት ከተማ የሬጌ ጊታር ለማንም ጆሮ እንግዳ አይደለም። እስቲ አብራችሁኝ ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጊታሩ በሁለትና በአራት ላይ ብቻ ይመታል፤ ወዲያውም ይታፈናል። በአንድና በሦስት ላይ ዝም ይላል። የኖታውን ርዝመት አሳጥሩት፤ የግራው እጅ ከክሩ ላይ ሲላላ የሚሰማው አጭር ድምፅ ያን ጊዜ ይመጣል።

(ድምፅ፦ አጭር የሬጌ ጊታር ምት)

አቅራቢ፦ በጭክችካ ለምትሠሩ ደግሞ፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። በአንድና በአራት ላይ ወደ ታች ጠንከር አድርጉ፤ የቀሩትን አላልታችሁ ምቱ። ግን አስቀድማችሁ የማቀናበሪያችሁን የምት ልክ ከ4/4 ወደ 6/8 ቀይሩ። ካልቀየራችሁ ተዘጋጅቶ የመጣው ስልት በአራት እየቆጠረ ከከበሮው ጋር ይጣላል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፦ በክራር የተደረደረ አምባሰል፣ 12 ሴኮንድ)

አቅራቢ፦ አሁን የሰማችሁት አምባሰል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የእኛ አገር አቀናባሪ ከሁሉም በላይ የሚቸገረው እዚህ ነውና።

እነዚህ ሶፍትዌሮች የተሠሩት በሜጀርና በማይነር ኮርድ ለሚያስቡ ሙዚቀኞች ነው። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። አምባሰልን ከሲ ብንነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። ኢ አለበት? የለበትም። ታዲያ የኮርዱን ክፍል ከፍታችሁ «መነሻዬ ሲ ስለሆነ ሲ ሜጀር ልምታ» ብትሉ ምን ይሆናል? ኢ ይገባል። ዘፋኙ በአምባሰል ሲያንጎራጉር ጊታሩ ከቅኝቱ ውጭ ይወጣል። ጆሯችሁ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» የሚላችሁ ያን ጊዜ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ኮርድ ከመምታታችሁ በፊት የኮርዱ ሦስት ድምፆች ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ። በዚሁ በሲ አምባሰል ኤፍ ማይነር ይገኛል፤ ዲ ፍላት ሜጀርም ይገኛል። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ በሆነው የትዝታ ሜጀር ደግሞ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር በሰላም ይኖራሉ። ሁለተኛ፣ የሚስማማ ኮርድ ካጣችሁ አውቶማቲኩን አጥፉትና ጊታሩን እንደ ክራር ደርድሩት፤ ዜማውን በነጠላ ክር አስኬዱ፤ ከሥሩ መነሻውን ድምፅ ብቻ አስተጋቡ። ክራር መቺ የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ በቀኙ ሁሉንም እንደሚመታ ታውቃላችሁ። ፓልም ሚዩቱን ከተከፈተ ድምፅ ጋር እያፈራረቃችሁ ብትጠቀሙ ወደዚያ ጣዕም ትቀርባላችሁ።

ሦስተኛ፣ የዘፋኙን ቅላጼ ለመከተል በኪቦርዱ በግራ በኩል ያለውን የድምፅ ማጠፊያ ተጠቀሙ። ግን በልክ ይሁን። ጊታሪስት ክር ሲያጥፍ ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ብዙውን ጊዜም ከአንድ ሙሉ ድምፅ አያልፍም። ማጠፊያው ገጹ ላይ በሁለት ግማሽ ድምፅ መወሰኑን አረጋግጡ።

ዘፋኙ «ዝቅ ብሎብኛል» ቢላችሁስ? ገጹ ላይ ካፖ የሚል አለ። እሱን ስታንቀሳቅሱ አያያዙ ሳይለወጥ ድምፁ ብቻ ከፍ ይላል፤ ባዶ ክሮቹም ባዶ እንደሆኑ ይቆያሉ።

(አጭር የሙዚቃ ምልክት)

አቅራቢ፦ ስለ ኮምፒውተሩም ሁለት ቃል። ቁልፉን ነክታችሁ ድምፁ ከዘገየ፣ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ በፈር የሚለውን ቁጥር ወደ 128 ወይም ወደ 256 ዝቅ አድርጉት። ቀረጻው አልቆ ስታቀናብሩ ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ደግሞ ወደ 1024 ከፍ አድርጉት። መብራት በድንገት ሊሄድ ስለሚችልም ሥራችሁን በየጊዜው አስቀምጡ። ሰብረው የሚያከፋፍሉትን ቅጂ ተዉት፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሠሪውንም ላብ ይነጥቃል። በነጻ በሕጋዊ መንገድ የሚወርዱት ለመማር ይበቃሉ።

(ለአፍታ ዝምታ)

አቅራቢ፦ ከመሰናበታችን በፊት አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ብዙ ጊታር ተጫዋቾች በሐዘን የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ይህ ሶፍትዌር እንጀራችንን አይወስድብንም ወይ ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ያለው በእኛ በአቀናባሪዎቹ እጅ ነው። ሶፍትዌሩን ሐሳብ ለመንደፍ ተጠቀሙበት። ዘፋኙ እንዲሰማው፣ ዜማው እንዲስተካከል፣ ምቱ እንዲወሰን። ገንዘብ ሲገኝና ሥራው ወደ ሕዝብ ጆሮ ሲሄድ ግን በከተማችሁ ያለውን ጊታሪስት ጥሩትና በክብር ክፈሉት። ሶፍትዌሩ የተቀረጸለትን ብቻ ነው የሚያውቀው። የአንቺ ሆዬን ለቅሶ፣ የሸጎዬን ጨዋታ ከልጅነቱ የሰማ ሰው በጣቱ የሚያመጣውን ግን ማንም ኩባንያ ቀርጾ አልሸጠልንም።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ቀስ ብሎ ይጀምራል)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ዋና ዋናውን እንድገም። አንድ፣ የአንገቱን ሥዕል አትለፉት፤ እጅ የማይደርስበትን ኮርድ አትንኩ። ሁለት፣ የአጨዋወት መቀየሪያውን ከኖታው በፊት ንኩ። ሦስት፣ ሁሉንም ኖታ በእኩል ኃይል አትተዉ። አራት፣ ኮርዱን ወደ ታችና ወደ ላይ ምቱ፤ በአንድ ቅጽበት አትጫኑት። አምስት፣ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ የያዘ ኮርድ አትምቱ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። የምትወዱትን አንድ የቆየ ዘፈን ምረጡ። የጊታሩን ድርሻ ብቻ እየለያችሁ ሦስት ጊዜ አድምጡት። ከዚያ አራት መስመር ያህል በቨርቹዋል ጊታር አስመስላችሁ ሥሩና በሠፈራችሁ ላለ አንድ ጊታር ተጫዋች አሰሙት። «እጄ እዚህ ጋ አይደርስም» ያለበትን ቦታ ምልክት አድርጉና አስተካክሉት። ያገኛችሁትንም ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን እናነበዋለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ፤ ነጋያን!

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ያበቃል)